ውሻ ይዘው ወደ ሐረር ለሚጓዙ መንገደኞች የተዘጋጀ መረጃ

ውሻ ይዞ ሐረርን የሚጎበኝ ሰው ከማንሸራሸሪያው ቦታ ይልቅ ሰዓቱን አስቀድሞ መምረጥ ይኖርበታል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮቹ በተጨማሪ በግንቡ ሥር በተተዉ የጅብ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ይታወቃል። ሲመሽ ጅቦች በእነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ከተማው ይዘልቃሉ። ነዋሪው ከጅብ ጋር መኖርን ለምዷል፤ ውሻን ግን ጅብ ያድነዋል። ስለሆነም ውሻውን ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከግንቡ ውጭ ባሉት ሰፋፊ መንገዶች ማንሸራሸር፣ ከመምሸቱ በፊትም በሩ ወደሚዘጋ ማደሪያ ማስገባት ያስፈልጋል። የማታውን የጅብ ምገባ ለመመልከት ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

የጀጎል መንገዶች ጠባቦች በመሆናቸው ውሻው በአጭር ማሰሪያ ይያዝ፤ ወደ መስጊድ ቅጥር ግቢም አይግባ።

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ውሻ ከጉዞው ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ ሊከተብ፣ የክትባት ማስረጃውም ከባለቤቱ ጋር ሊገኝ ይገባል። ውሻ የነከሰው ሰው፣ ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም፣ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ፈዋሽ መድኃኒት የለም።