መነሻው ሳይታወቅ የቆየ የሆድ ሕመም

እዚህ የምናነሳው ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚመላለስ፣ ምክንያቱ ያልተለየ የሆድ ሕመም ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ፣ ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይገዛል።

ግምቱ መሠረት አለው። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በስፋት ይገኛል፤ ለጨጓራ ቁስለት መንስኤ መሆኑን ያረጋገጡት አውስትራሊያውያን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም ለባክቴሪያው የሚደረገው የደም ምርመራ ያለፈውን ኢንፌክሽን ከአሁኑ አይለይም። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይሻላል፤ ግን ኦሜፕራዞል ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ካልተቋረጠ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል።

«ታይፎይድ ነው» ተብሎ ደጋግሞ መታከምም የተለመደ ነው። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ የቀድሞ በሽታ አሻራንም ስለሚያሳይ በእርሱ ብቻ አንቲባዮቲክ ማዘዝ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ የኮሶ ትል፣ በአልትራሳውንድ የሚታይ የሐሞት ጠጠር፣ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያስከተሉት ቁስለትም መታሰብ አለባቸው። ከሁሉ የሚሸሸገው የሆድ ቲቢ ነው፦ ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳትና በሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር ሊታይ ይችላል።

ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ኪኒን እየቀያየረ አይቆይ። በሪፈር ወረቀት እንደ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ወዳሉ ሆስፒታሎች ለኢንዶስኮፒ ይሂድ፤ የቀድሞ ውጤቶቹንና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ።