ከአሮጌ ከረጢት የወጣ 38 ዶላር

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ቦሊጂ በምትባል የገጠር መንደር ጥቁር ገበሬዎች ለትምህርት ቤት መሥሪያ መዋጮ ሊያሰባስቡ ተቀምጠዋል። የባርነትን ዘመን ያዩ አንድ አዛውንት ተነሡ። ከኪሳቸው ቅባት የጠገበ አሮጌ ከረጢት ቀስ ብለው አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ሲቆጠር 38 ዶላር ሆነ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ይኸው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ልጆች ዕድል እንዲያገኙ ብለው ነው የሰጡት። የግንባታው ተወካይ ያየውን በጽሑፍ ባያስቀር ኖሮ ይህ ታሪክ አይደርሰንም ነበር።

እንዲህ ላሉ ትምህርት ቤቶች የተሰጠው የሌላው ገንዘብ ባለቤት የነበረው ቺካጎ ነው። ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ሸቀጡን በካታሎግና በፖስታ ለገጠር ሰው የሚሸጠው የሲርስ ሮባክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር። አባቱ ከጀርመን የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆን ኑሮውን የጀመረው ዕቃ ተሸክሞ በማዞር ነው። ሮዘንዋልድ በአላባማ የሚገኘውን የጥቁሮች ኮሌጅ፣ የተስኬጊን ተቋም የሚመራውን ቡከር ዋሽንግተንን በ1911 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አገኘው። በቀጣዩ ዓመት 50ኛ ልደቱን ሲያከብር ለተስኬጊ ተቋም 25,000 ዶላር ሰጠ። ዋሽንግተን ከዚያ ላይ በተረፈው በአላባማ ገጠር ስድስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ይሠሩ ዘንድ ጠየቀ። በ1913 ሎቻፖካ ላይ የቆመው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት 942 ዶላር ገደማ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ የሮዘንዋልድ ድርሻ 300 ብቻ ነበር።

ይህ ስሌት ኋላ ሕግ ሆነ። በ1917 የተመሠረተው የሮዘንዋልድ ፋውንዴሽን ሙሉ ወጪ አይሸፍንም። መጀመሪያ መንደሩ ጥሬ ገንዘብ፣ መሬት፣ እንጨት ወይም ጉልበት ማዋጣት አለበት። የአካባቢው የትምህርት ቦርድም ድርሻውን ጥሎ ትምህርት ቤቱን የመንግሥት አድርጎ ይረከባል። ገበሬው ከጥጥ ማሳው አንድ ጥግ ከልሎ ምርቱን ለትምህርት ቤቱ ያውላል፤ ያችን ጥግ «የሮዘንዋልድ ማሳ» ይሏታል። ጥሬ ገንዘብ ያጣው በደቦ ወጥቶ እንጨት ይቆርጣል፣ ምስማር ይመታል።

ሕንፃውም ታስቦበት የተሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ያዘጋጁት የተስኬጊ ባለሙያዎች ናቸው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ገጠር መብራት ስላልነበረ ረጃጅም መስኮቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ እንዲዞሩ ተደረገ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ተጣጥፎ ሲከፈት ቤቱ አዳራሽ ይሆናል፤ የመንደሩ ስብሰባና በዓል እዚያው ይካሄዳል። ከዚያ በፊት ብዙው ልጅ የሚማረው በቤተ ክርስቲያን ወይም በተገኘ ጎጆ ነበር።

በ1932 የግንባታው ፕሮግራም ሲዘጋ በ15 ግዛቶች 4,977 ትምህርት ቤቶች ቆመው ነበር። የመምህራን ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች ሲታከሉ ሕንፃዎቹ 5,357 ደረሱ። ጠቅላላ ወጪው 28.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፋውንዴሽኑ 4.3 ሚሊዮን ያህል ሲሰጥ ጥቁሮች ከኪሳቸው 4.7 ሚሊዮን አዋጡ። ከድሆቹ የወጣው ከባለጸጋው በለጠ ማለት ነው። አብዛኛው ቀሪ ወጪ የተሸፈነው ከግብር ነው፤ ግብሩን ደግሞ ጥቁሮቹም ይከፍላሉ። ነጩ ልጅ በግብር ብቻ ያገኘውን ትምህርት ቤት ጥቁሩ ሁለቴ ከፍሎ ነው ያገኘው። ፋውንዴሽኑ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው እንዲማሩ የሚያስገድደውን የዘር ክፍፍል ሕግ አልነካም፤ ልጆቹ የተማሩት በዚያው አጥር ውስጥ ነው የሚለው ወቀሳም የሚጣል አይደለም።

ሮዘንዋልድ ግን ገንዘብ ለዘላለም ተከማችቶ ወለዱን እየበላ እንዲኖር አልፈለገም። ከሞተ በኋላ በ25 ዓመት ውስጥ ሁሉም ተከፍሎ እንዲያልቅ ደነገገ። በጥር 1932 ሞተ፤ ፋውንዴሽኑም ከገደቡ ቀድሞ በ1948 ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ምሁሩን ራልፍ ባንችን፣ ገጣሚውን ላንግስተን ሂውዝን የመሳሰሉትን በምርምርና በኪነ ጥበብ ስኮላርሺፕ ደገፈ። ከተደገፉት መካከል ኬነትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይገኛሉ። ጥቁርና ነጭ አሻንጉሊት ለሕፃናት እያቀረቡ ክፍፍሉ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን አጠኑ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 የተከፋፈለ ትምህርት ቤትን ሕገ ወጥ ሲል የኬነት ክላርክን ጽሑፍ ጠቅሷል። አጥሩን ያልነካው ገንዘብ አጥሩን ያናጉትን ሰዎች ደግፎ ነበር።

ከፍርዱ በኋላ ተማሪው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲሄድ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ባዶ ቀሩ፤ ጣሪያቸው ወደቀ። በ2002 በአሜሪካ ለአደጋ ከተጋለጡ ታሪካዊ ቦታዎች ዝርዝር ገቡ። ቆመው የቀሩት ዛሬም የሚጠሩት «የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት» ተብለው ነው። ስሙ የሰጪው ነው፤ ይገባዋልም። በመዝገቡ ላይ ግን ከ4.3 ሚሊዮኑ ጎን የተጻፈ 4.7 ሚሊዮን አለ። ስም አልወጣለትም፤ ከአሮጌ ከረጢት የወጣው 38 ዶላር ያለው እዚያ ነው።