የቤት ሕግ፦ ሸክላ ሠሪዋ እስከ ስንተኛ ሌቭል ትደርሳለች?

እስቲ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሶዶ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከባችሁ ተቀመጣችሁ እንበል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ አለ። አንዳችሁ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችሁ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ ትጫወታላችሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከዳሞታ ተራራ ሥር ነው፤ ዘመኑ ካዎ ጦና የሚነግሡበት፣ የምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ከመያዙ በፊት። አንዱ «እኔ ፈረሰኛ ነኝ» ይላል። ሌላው «እኔ የካዎው መልእክተኛ»። ሦስተኛዋ «እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ» ስትል ሁሉም ይስቃሉ። ሸክላ ሠሪ ደግሞ ምን ታደርጋለች? እስከ ስንተኛ ሌቭል ትደርሳለች?

ሳቁን ለጊዜው አቆዩትና መጀመሪያ እንዲህ ያሉ የጨዋታ ሕጎች ከየት እንደመጡ እንይ።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት የሚባለው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በመጀመሪያው እትም ሦስት ክላሶች ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ እና ካህን። ክላስ ማለት ገጸ ባሕርይው ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስን የሙያ መደብ ነው።

ካህኑ እንዴት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ጨዋታው ከመታተሙ በፊት አርነሰን ሚኒሶታ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት፣ አንደኛው ተጫዋች ቫምፓየር ሆኖ ከሁሉም በላይ ጠነከረ። ማንም አልቻለውም፤ ጨዋታው ሊበላሽ ሆነ። ስለዚህ ቫምፓየር የሚያሸንፍ አዲስ መደብ ተፈጠረ። ካህኑ የተወለደው በቃ እንዲህ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ የተነሳን ችግር ለመፍታት። ተጫዋቾች ይህን የመሰለውን «የቤት ሕግ» ይሉታል፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ፣ ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ራሳቸው የተስማሙበት ሕግ ማለት ነው።

ያው የ1974ቱ መጽሐፍ ግን ሌላ ዓይነት ሕግም ነበረበት። ሰው የሆነ ገጸ ባሕርይ ያለ ገደብ ማደግ ይችላል። ሆቢት የተባሉት አጫጭር ፍጡራን ግን ተዋጊ ብቻ ነው የሚሆኑት፣ ያውም ከ4ኛ ሌቭል አያልፉም። ድዋርፎች 6ኛ ላይ ይቆማሉ። ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ፣ ምንም ያህል ዘንዶ ብትገድሉ፣ ትውልዳችሁ ጣሪያ አለው። የጋይጋክስ ምክንያት የጨዋታው ዓለም ማዕከል ሰው እንዲሆን ነው የሚል ነበር።

ብዙ ጠረጴዛዎች ይህን አልተቀበሉትም። «በእኛ ቤት ገደብ የለም» ብለው ዝም ብለው ተጫወቱ። በመጨረሻ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም የትውልድ ጣሪያውን ጨርሶ አነሳው። ቤቶቹ ቀደሙ፣ መጽሐፉ ተከተለ።

አሁን ወደ ሸክላ ሠሪዋ እንመለስ። በወላይታ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ጪናሻ ይባላሉ። ሥራውን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እነሱም የቤት ሕግ ነበረባቸው፣ ቃል በቃል የቤት። ገበሬው ገንቦዋን ገበያ ላይ ይገዛታል፤ ቤቱ ገብታ አብራው እንድትበላ ግን አይፈቅድም። ልጁም የእሷን ልጅ አያገባም። ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂውም ተመሳሳይ ዕጣ ነበራቸው። ነገሩ የወላይታ ብቻም አይደለም፤ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የእጅ ባለሙያ ሲናቅ ኖሯል።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ለመቀየር ሞክሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ፤ መሬት ላልነበራቸው ባለሙያዎች ይህ ትልቅ በር ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ደግሞ በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ታዲያ ልዩነቱን አያችሁት? በጨዋታው ቤቶች ቀድመው መጽሐፉ ተከተለ። በእኛ አገር ግን መጽሐፉ ቀድሟል፤ ወደኋላ የቀረው ቤቱ ነው። ጋብቻ ሲነሳ «የማን ልጅ ነች?» የሚለው ጥያቄ በአዋጅ አይሻርም፤ አዋጅ ሳሎን ድረስ ገብቶ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ አያይም። የቤትን ሕግ መሻር የሚችሉት የቤቱ ሰዎች ናቸው።

ሁሉም ገደብ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እኔ የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ አንድን ገደብ የምፈትነው «ይህን ባነሳው ምን ይፈርሳል?» ብዬ ነው። የቫምፓየሩን ገደብ አንሱት፤ የሌሎቹ ጨዋታ ይፈርሳል። የሆቢቱን ጣሪያ አንሱት፤ ምንም አይፈርስም። ጣሪያው ከተነሳ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፣ ጨዋታው ዛሬም አለ። የሸክላ ሠሪዋን ገደብስ ብታነሱ? ከናቂው ኩራት በቀር የሚፈርስ ነገር አይታየኝም።

እና ጠረጴዛው ላይ ምን ኃይል እንስጣት? የምር የምታውቀውን ነገር ተመልከቱ። ጀበና እሳት ላይ ሲጣድ ከሥር ይግላል፣ አንገቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። የጋለው ክፍል ይሰፋል፣ የቀዘቀዘው አይሰፋም፤ በዚህ መሳሳብ ሸክላው መሰንጠቅ ነበረበት። የማይሰነጠቀው በጭቃው ውስጥ ያሉት የአሸዋ ቅንጣቶችና ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የጀመረው ስንጥቅ ወደ ፊት እንዳይሄድ ስለሚያስቆሙት ነው። እሷ ይህን ያወቀችው ያለ ላቦራቶሪ ነው፤ ጭቃውን በጣቷ እያሸች ትመርጣለች፣ ያለ ምድጃ፣ ሜዳ ላይ በሚነድ እሳት ትተኩሳለች፣ ሙቀቱንም በዓይኗ ትለካለች።

ስለዚህ የእኔ የቤት ሕግ ይህ ነው፦ ሸክላ ሠሪ አፈር ታነባለች፣ እሳት ታዛለች፣ የሌቭል ጣሪያ የላትም። ፈረሰኛውም ምሽት ላይ ሲርበው የሚበላው በእሷ ድስት ከተሠራው፣ ከእሷው ጋር በአንድ ገበታ ነው። የእናንተ ቤት ሕግስ ምን ይላል? ዳይሱን ከመወርወራችሁ በፊት ተስማሙበት።