የማዳመጫ ገመድና ጥገናው፦ ከስልክ ማዞሪያ ቤት እስከ ውድ ማዳመጫ

የጆሮ ማዳመጫ ከተሠራባቸው ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ገመዱ መሆኑን ጠጋኞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያውቁት ኖረዋል። ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር በአግባቡ ከተያዘ አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ በራስ ላይ የሚያልፈው ቀስት ከብረት የተሠራ እንደሆነ ከባለቤቱ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ትራስ ቢያልቅም በደቂቃዎች ይለወጣል፤ ገመዱ ግን በየዕለቱ እየታጠፈ፣ እየተጎተተና በወንበር እግር እየተረገጠ የሚኖር ስለሆነ የቀረው አካል ገና ጤነኛ ሳለ እሱ ይበጠሳል። ስለዚህ የማዳመጫ ገመድ ታሪክ በአብዛኛው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ገመዱ አልቆ ሲገኝ በቀላሉ ተነቅሎ እንዲተካ ሆኖ ይሠራ ወይስ ከአካሉ ጋር ተበይዶ ይቅር የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች የሰጡት መልስ ከብዙዎቹ ተከታዮቻቸው መልስ የተሻለ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የገመዱ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከሙዚቃ ሳይሆን ከስልክ ነው። በጥር 1878 በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ የመጀመሪያው የንግድ የስልክ ማዞሪያ ቤት ከተከፈተ በኋላ ደንበኞች እየበዙ ሲሄዱ፣ የአንዱን መስመር ከሌላው የሚያገናኘው ሥራ በማዞሪያው ሠራተኛ እጅ ባሉ ጥንድ ገመዶች ላይ ወደቀ። ሠራተኛዋ የገመዱን መሰኪያ በሰሌዳው ቀዳዳ ውስጥ ትሰካለች፣ ንግግሩ ሲያልቅ ትነቅላለች፤ ይህም በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ዛሬ በስቱዲዮና በቤት ማጉያዎች ላይ የሚታየው 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መሰኪያ የዚያ ሰሌዳ ቅርስ ነው። «ጃክ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያው ሲሆን፣ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ስክሪብነር የሠራው ቀደምት ማገናኛ ታጣፊ ሰንጢ ስለሚመስል በሰንጢው የእንግሊዝኛ መጠሪያ «ጃክ ናይፍ» መባሉን ተከትሎ የቀረ ነው።

ተራ የመዳብ ሽቦ እንዲህ ያለውን መታጠፍ አይችልም። መዳብ በታጠፈ ቁጥር በውስጡ ይጠነክራል፣ በጠነከረ ቁጥር ይሰባበራል፤ ይህን የብረታ ብረት ባሕርይ ባለሙያዎች «ድካም» ይሉታል። የስልክ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ከሸማኔ ቤት የተወሰደ የሚመስል ነበር፤ እንደ ወረቀት የሳሳና የተዳመጠ የመዳብ ጥብጣብ በጥጥ ወይም በሐር ክር ዙሪያ እንደ ጥምጥም ይጠመጠማል፣ እንዲህ ያሉ በርካታ ክሮች አብረው ይገመዳሉ፣ በላያቸውም የተጎነጎነ የጥጥ ልባስ ይለብሳሉ። ጉተታውን የሚሸከመው ክሩ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ጥብጣቡ ስለሆነ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው ገመዱ እንደ ልብ የሚታጠፍ ሆነ። ጉዳቱ ደግሞ ከዚያው ይመነጫል፤ ጋለ ያለ ብረት ሲነካው ውስጡ ያለው ክር ስለሚቃጠል ቆርቆሮ አቅልጦ መበየድ አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህም ጫፉ የሚያያዘው በጥብቅ ተጨፍልቆ ወይም በብሎን ታስሮ ነበር።

ገመዱ የሚያልቀው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ከመሰኪያው ሥር ባሉት ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሰኪያው ግትር፣ ገመዱ ልፍስፍስ በመሆኑ መታጠፉ ሁሉ ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ጠጋኙ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ መሰኪያውን በጤነኛው ክፍል ላይ መልሶ ይተክላል፤ ገመዱ እየተቆረጠ ከመጠን በላይ ሲያጥር ብቻ አዲስ ይገባል። ማዞሪያ ቤቱ ገመድን የሚያየው እንደ መጥረጊያ ወይም እንደ ሻማ፣ ማለትም በአገልግሎት የሚያልቅና የሚተካ ዕቃ አድርጎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጽናት የተፈለገው የማይበጠስ ገመድ በመሥራት ሳይሆን፣ መበጠሱን አስቀድሞ አምኖ በመዘጋጀት ነበር።

ሬዲዮ ይህን ልማድ ወረሰ። የዩታው ተወላጅ ናትናኤል ባልድዊን በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ማቅረብ የጀመረው የራስ ማዳመጫ፣ በማድ ቤቱ ውስጥ በእጅ እንደ ተሠራ የሚነገርለት፣ የዘመናዊው ማዳመጫ አባት ተደርጎ ይቆጠራል። በ1920ዎቹ በየቤቱ የገቡት የሬዲዮ ማዳመጫዎችም ገመዳቸው በጥጥ የተጎነጎነ፣ ጫፉ በብሎን የሚታሰር ስለነበር፣ ጠመንጃ መፍቻ ያለው የቤት ሰው ያለ ጠጋኝ ይለውጠው ነበር። ከሁለቱ ሽቦዎች በአንዱ ልባስ ውስጥ ባለ ቀለም ክር ይገባ ነበር፤ ይኸውም አዎንታዊው መስመር ተለይቶ እንዲታወቅ ነው፣ ገመዱ ተገልብጦ ከታሰረ በማዳመጫው ውስጥ ያለው ማግኔት ከጊዜ ብዛት ይደክማልና።

ጆን ኮስ በ1958 በሚልዋኪ ከተማ ኤስፒ 3 የተባለውን የስቲሪዮ ማዳመጫ ለገበያ ሲያቀርብ ማዳመጥ ከሥራ ወደ መዝናኛ ተሻገረ፣ ገመዱም ተወሳሰበ። ስቲሪዮ ማለት የቀኝና የግራ ጆሮ የተለያየ ድምፅ የሚሰማበት ስልት ነውና፣ ለሁለቱ ጆሮዎች የሚሄዱት ሽቦዎች መሰኪያው ዘንድ አንድ ሆነው ደረት አካባቢ ይለያያሉ፤ በመሆኑም ቀድሞ አንድ የነበረው ደካማ ነጥብ ወደ አራት አደገ፤ መሰኪያው ሥር፣ መለያያው፣ ሁለቱ ጆሮዎች። የጥጡ ጉንጉን በፕላስቲክ ልባስ ተተካ፣ ብሎኑም በብየዳ። ለፋብሪካው ፈጣንና ርካሽ የነበረው ይህ ለውጥ ጥገናውን ከቤት አውጥቶ ወደ ባለሙያ ጠረጴዛ ወሰደው።

ከዚህ አካሄድ የተለየው ዋነኛው ሥራ የመጣው ከጀርመን ነው። በሃኖቨር አቅራቢያ የሚገኘው ዜንሃይዘር በ1968 ያወጣው ኤችዲ 414፣ ጆሮን ሳይዘጋ የሚያሰማ የመጀመሪያው ክፍት ማዳመጫ በመሆኑ ይታወሳል፤ ከዚያ ያላነሰው ጥበቡ ግን ገመዱ በሁለቱም ጆሮ በኩል በትናንሽ መሰኪያ የሚገባና የሚወጣ መሆኑ ነው። ስፖንጁ፣ ስፒከሩና ቀስቱም እንዲሁ ተነጣጥለው የሚተኩ ነበሩ። ከ10 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ይህ ማዳመጫ ርካሽና ቀላል ፕላስቲክ ነበር፤ ቢሆንም በጥገና ረገድ በዋጋ እጥፍ ድርብ የሚበልጡትን አስከንድቷል። ኩባንያው ያንኑ ሐሳብ በ1997 በወጣው ኤችዲ 600 እና በ2003 በወጣው ኤችዲ 650 አጸናው። የእነዚህ ገመድ መሰኪያ አንዱ እግር ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን በመሆኑ ተገልብጦ አይገባም፤ የአንዱ ሞዴል ገመድ ለሌላው ይሆናል፤ ሽቦውም ኬቭላር በተባለ ጠንካራ ክር የተደገፈ ነው። ይህም የድሮው የስልክ ገመድ ብልሃት፣ ጉተታን ለክር ማስተላለፍን ለመዳብ የመስጠቱ ዘዴ፣ በአዲስ ቁስ ተመልሶ መምጣቱ ነው። አንድ ሰው ገመዱን ቢረግጥ መሰኪያው ይወጣል እንጂ ብየዳው አይገነጠልም።

ሌላው ዓለም ግን በተቃራኒው ሄደ። ሶኒ በሐምሌ 1979 ዎክማንን ሲያወጣ 3.5 ሚሊሜትሩን ትንሽ መሰኪያ በየኪሱ አስገባ፤ ከክብደት ለመሸሽም ገመዱ እጅግ ቀጠነ። በቀጭን ገመድ ውስጥ ያሉት ፀጉር መሰል ሽቦዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ እያንዳንዳቸው ቫርኒሽ ይቀባሉ፤ ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ቫርኒሹን ሳያቃጥል ወይም ሳይፍቅ ይበይድና ጥገናው የያዘ መስሎት ድምፁ ሳይመጣ ይቀራል። የዚያው ኩባንያ ኤምዲአር 7506፣ በ1991 ወጥቶ በስርጭት ጣቢያዎችና በፊልም ሥራ የተስፋፋው፣ እንደ ምንጭ የሚሳብና የሚሰበሰብ ጥቅልል ገመዱ ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው። የኒውዮርኩ ግራዶ በብሩክሊን በሚያመርታቸው ማዳመጫዎች ላይ ለብዙ ዘመን ቋሚ ገመድን አጥብቆ ይዟል፤ የጆሮው ክፍል ያለ ገደብ ስለሚሽከረከር ገመዱ እየተጠማዘዘ የሚሄድበት ነገር በባለቤቶቹ ዘንድ የቆየ ቅሬታ ነው። የኦስትሪያው ኤኬጂ ደግሞ በ2005 ያወጣውን ኬ 701 ቋሚ ገመድ ሰጥቶት፣ ብዙም ሳይቆይ በባሕርዩ መንትያ የሆነውን ኬ 702 ተነቃይ አድርጎ ማቅረቡ ጉዳዩ የቴክኒክ ችግር ሳይሆን የምርጫ መሆኑን ያሳያል።

ቋሚ ገመድን የሚመርጡ ሁሉ ያለ ምክንያት አይደሉም። መሰኪያ በተጨመረ ቁጥር የሚላላ፣ የሚዝግና ድምፅ የሚያቋርጥ ቦታ ይጨመራል። ከሁሉም ጠንካራው ምክንያት ያለው የጃፓኑ ስታክስ ነው። ይህ ኩባንያ ከ1960 ጀምሮ የሚሠራቸው ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫዎች፣ ማለትም እጅግ ስስ ፕላስቲክ ሽፋን በኤሌክትሪክ መስክ እየተሳበ ድምፅ የሚያወጣባቸው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚፈልጉ ሽቦዎቹ ተራርቀው በሰፊ ጠፍጣፋ ልባስ ውስጥ ይዘረጋሉ፤ ከተቀራረቡ የድምፁ ኃይል በመካከላቸው ይባክናልና። እንዲህ ያለውን ገመድ በማንኛውም ሽቦ መተካት አይቻልም። ይሁን እንጂ ስታክስም በ2021 ባወጣው ኤስአር ኤክስ 9000 ገመዱን ተነቃይ አደረገ።

ከ2009 ወዲህ በውድ ማዳመጫዎች ዘንድ ተነቃይ ገመድ ደንብ ሆነ፤ መሰኪያው ግን ባቢሎን ነው። የካሊፎርኒያው ኦዴዚ ትንሹ ኤክስኤልአር የተባለውን ባለ አራት እግር ማገናኛ ያዘ፣ ሃይፋይማን በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎቹ በክር የሚጠብቅ ጥቃቅን ማገናኛ ተጠቅሞ ኋላ ተወው፣ ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ማዳመጫዎች ደግሞ ኤምኤምሲኤክስ የተባለውን ተሽከርካሪ ማገናኛ ወይም ባለ ሁለት እግሩን መረጡ። ማዞሪያ ቤቱ አንድ መሰኪያ ለሁሉም ያደረገውን ይህ ዘመን ሊደግመው አልቻለም። ከዚሁ ጋር ከማዳመጫው የሚወደዱ የብርና የንጹሕ መዳብ ገመዶች ንግድ ተስፋፋ። የሦስት ሜትር ገመድ ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኦም የማያልፍ ሲሆን የኤችዲ 600 ተቃውሞ 300 ኦም ነውና፣ ለጆሮ የሚተርፍ ለውጥ ከዚያ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ለገዢው የሚጠቅመው የብሩ ንጽሕና ሳይሆን ከመሰኪያው ሥር ያለው ለስላሳ የጎማ እጅጌ ነው። የፕላስቲኩ ጥራትም ዋጋ አለው፤ የሚያለሰልሰው ኬሚካል ሲተን ልባሱ ይደርቃል፣ በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ መዳብም ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ይለብሳል።

ወደ ተነቃይ ገመድ ዘግይቶ የተሻገረ ማዳመጫም አለ። በ1924 በበርሊን የተመሠረተው ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 የተባለውን ማዳመጫ ያወጣው በ1985 ሲሆን፣ ማዳመጫው በስቱዲዮዎች ዘንድ በጥንካሬው ሲመሰገን ገመዱ ግን ተበይዶ ኖረ። በትንሹ ኤክስኤልአር የሚነቀል ገመድ ያለው ዲቲ 770 ፕሮ ኤክስ ገበያ ላይ የዋለው ኩባንያው መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2024 ነው።