«ልቀቅ» የሚባልበት ጊዜ፦ የኪራይ ማስጠንቀቂያ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም



በመምህርነት በተቀጠርሁበት የመጀመሪያ ዓመት በፍኖተ ሰላም ከተማ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ውላችን የአፍ ነበር፤ ኪራዩም ወር በወር ይከፈላል። በአንድ የነሐሴ ምሽት አከራዬ በሩን አንኳኩተው «መምህር፣ ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁና እስከ እሑድ ይልቀቁልኝ» አሉኝ። የቀሩኝ ሦስት ቀናት ነበሩ። አነጋገራቸው ጨዋ ነበር፤ ጊዜ ግን አልሰጡኝም። በዝናብ ዕቃዬን ተሸክሜ ስወጣ የተሰማኝ ቁጣ ብቻ ነበር። ጥያቄው የመጣው ዘግይቶ፣ ታሪክን ሙያዬ ካደረግሁ በኋላ ነው። በዚህ አገር ሰውን ከቤቱ ወይም ከማሳው «ልቀቅ» ለማለት ምን ያህል ጊዜ መስጠት ይገባ ነበር? ጊዜውንስ የሚወስነው ማን ነበር?

መልሱን ከገጠሩ ልጀምር። በጎጃም ብዙው አራሽ በትውልድ የሚቆጠር ርስት ስለነበረው፣ ጭሰኝነት እንደ ደቡቡ የአገራችን ክፍል የተስፋፋ አልነበረም። ይሁን እንጂ ርስት ያለው ሁሉ በሬ አልነበረውም። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ፣ ጥማድ የጎደለው ጎልማሳ መሬቱን ለሌላ አራሽ በመጋዞ ይሰጥ ነበር፤ ምርቱንም እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። ስምምነቱ ዓመት በዓመት በዝምታ ይታደሳል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያነጋገርኋቸው አረጋውያን እንዳስረዱኝ፣ መሬቱን ማስመለስ የፈለገ ባለርስት ይህንኑ የሚናገረው አዝመራው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ፣ አዲሱ እርሻ ሳይጀመር ነው። አራሹ ማሳውን ከገመሰ በኋላ «መሬቴን መልስ» ማለት ነውር ነበር፤ ነገሩም ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ማስጠንቀቂያው የሚለካው በቀን ቁጥር ሳይሆን በሥራው ዑደት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ልማድ የሚጠብቀው በሽማግሌ ፊት ቃሉ የሚሰማለትን ሰው ነው። ርስት የመያዝ መብት የተነፈጋቸው የእጅ ባለሙያዎችና ሙስሊሞች በዚህ ጥላ ሥር የነበራቸው ቦታ ጠባብ ነበር።

የተጻፈ ሕግ የመጣው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆን፣ ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ውሉ ሲያበቃ ተከራዩ በቤቱ ቢቆይና አከራዩ ባይቃወም፣ ኪራዩ ጊዜው ላልተወሰነ ዘመን እንደታደሰ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለውን ኪራይ ማቋረጥ የሚፈልግ ወገን ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ኪራይ ላዘገየ ተከራይ እንኳ ውሉ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30፣ ከዚያ ካነሰ ቢያንስ 15 ቀን እንዲሰጠው ታዘዘ። ዝምታ ውልን ያድሳል፤ ውልን የሚያቋርጠው ግን የተነገረ ቃል ነው። ይኸው ሕግ ስለ እርሻ መሬት ሲናገር ግን፣ በምርት የሚከፈለው ኪራይ ከሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ብቻ ወሰነ። የጣሪያው ከፍታ ሕጉ ለማን አብልጦ እንዳሰበ ይመሰክራል። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅም ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትንም ሻረ። በሐምሌ ወር አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የዝቅተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀንሶ አስተዳደራቸውን ለቀበሌ ሰጠ። ለብዙ ድሃ ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ አላቃልለውም። ነገር ግን በሬ የሌላት መበለት ከአዋጁም በኋላ በሬ አልነበራትም። መሬቷን በስውር ለጎረቤት ታሳርስ ነበር። በከተማም ክፍሉን በስውር የሚያከራይ አልጠፋም። ሕግ ኪራይን ሲከለክል ኪራዩ አልጠፋም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። ሕገ ወጥ በተባለ ውል ውስጥ ያለ ሰው ያለጊዜው ቢባረር አቤት የሚልበት ደጅ የለውም።

በኔ ግምት፣ ያን የነሐሴ ምሽት የገጠመኝ የዚህ ውርስ ነው። የገጠሩን ልማድ ወደ ከተማ ይዘን አልገባንም፤ የ1952ቱን ሕግም አላነበብነውም። አከራዬም እኔም ማስጠንቀቂያን እንደ ውለታ እንጂ እንደ ግዴታ አናውቀውም ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች በመሆኑ፣ ሕጉ ባልደረሰበት ሠፈር ወር በወር የሚከፍል ተከራይ አሁንም ብዙ ነው። ከእናንተም መካከል እንዲህ የሚኖር እንዳለ አውቃለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የምትለቁም ሆናችሁ የምታስለቅቁ፣ ሐሳባችሁን ቀን ጽፋችሁበት በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ ተቀባዩን ወይም ምስክር አስፈርሙ። የምትሰጡት ጊዜ ደግሞ ሌላ ቤት ለመፈለግ የሚበቃ ይሁን። የጎጃም ገበሬ ይህን ያለ ወረቀት ያውቀው ነበር፤ የተገመሰ ማሳ አይነጠቅም። በጥቅምት ትምህርቱን የጀመረ ተማሪም፣ በክረምት ልጅ የያዘች እናትም የገመሱት ማሳ አላቸው።