በመኪና መስኮት የታየው ሰው

የአንድ ሰው መንገድ ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው ጥር 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ሐሙስ፣ ለእኛ የጊዮርጊስ ቀን፤ በእንግሊዝ ደግሞ የጥር የዝውውር መስኮት የሚዘጋበት ቀን ነበር። ለንደን ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። እዚህ ያን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ስንቱ የኳስ ወዳጅ ዓይኑን እያሸ እንደጠበቀ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሰውየው ፒተር ኦደምዊንጊ ይባላል። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ የሩሲያ ሰው፣ የተወለደው ታሽከንት ነው። ሞስኮ ለሎኮሞቲቭ ሲጫወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዌስት ብሮምዊች አልቢዮን ሲሸጥ፣ አንዳንድ የሎኮሞቲቭ ደጋፊዎች ሙዝ የተሳለበት ጨርቅ ስታዲየም ውስጥ ዘርግተው ገዢውን ክለብ አመሰገኑ። እሱም ያን የዘረኝነት ስድብ ተሸክሞ እንግሊዝ ገባ፤ ከዚያም በመጀመሪያው የውድድር ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ 15 ጎል አገባ፤ ከዚያም በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. ክለቡ በጎረቤት ባላንጣው በወልቭስ ሜዳ 5 ለ 1 ሲያሸንፍ ከአምስቱ ሦስቱን ያገባው እሱ ነበር።

ከዚያ ድል በኋላ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ልቡ ከክለቡ ራቀ። ልቀቁኝ አለ፣ ክለቡ እምቢ አለ። በሰንጠረዡ ግርጌ የተቀመጠው የአሰልጣኝ ሃሪ ሬድናፕ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ፈለገው፣ ዋጋም አቀረበ፣ ዌስት ብሮም አሁንም እምቢ አለ። ወሬው ግን እምቢታውን ትቶ ፍላጎቱን ብቻ ይዞ ሮጠ። ሊሄድ ነው፣ ተቃርቧል፣ ሰዓታት ቀርተውታል ተባለ።

ያን ሐሙስ ኦደምዊንጊ መኪናው ውስጥ ገባና ወደ ለንደን መንገድ ጀመረ። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ እንደ መመለስ። በዚያ አገር በጥር ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ የኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ሜዳ የሎፍተስ ሮድ ስታዲየም ደጃፍ ሲደርስ ጨለማ ነበር፣ የቴሌቪዥን ካሜራ መብራት ግን በርቶ ይጠብቅ ነበር። መስታወቱን ዝቅ አደረገ፣ ማይክሮፎኑ ገባ፣ እሱም ተስፋውን ተናገረ። ከዚያም ጠበቀ፤ ከዚያም ክለቦቹ ስላልተስማሙ በሩ አልተከፈተለትም፤ ከዚያም 5 ሰዓት ሞላ፤ ከዚያም በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ዌስት ብሮም ያለ ፈቃድ ሄደ ብሎ በይፋ ወቀሰው። እሱም በኋላ ደጋፊውን ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋት የለበትም አልላችሁም፤ ውል ያሰረው ጎልማሳ ነው፣ ፈቃድ ሳይዝ መሄድ አልነበረበትም። ግን ዛሬ ስሙ ሲነሳ ወልቭስ ላይ ያገባቸው ሦስት ጎሎች ስንቱ ትዝ ይሉታል? የሚታወሰው መኪናው ነው። የሻጩ እምቢታ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ምስሉ ደጋግሞ ሲታይ ያ እምቢታ ከሥሩ ጠፋ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰው የሳቀበትን ፊት ለሕዝብ ያቀረበው ሌላ ነውና።

ወሬው ከየት እንደሚፈልቅ እንነጋገር። ወኪሉ የደንበኛው ደመወዝ ከፍ እንዲል "ትልቅ ክለብ ፈልጎታል" ብሎ ለጋዜጠኛው ጆሮ ሹክ ይላል። ገዢው ክለብ ደጋፊው እንዳያጉረመርም "እየሞከርን ነው" ማሰኘት ይፈልጋል፣ ሻጩም ዋጋ ማስወደጃ አያጣም። ጋዜጠኛው ማን ምን ለማግኘት እንደነገረው ያውቃል፤ አድማጩ ግን "ታማኝ ምንጮች" ብቻ ይሰማል። የምንጭን ስም መሰወር የሙያው ወግ ነው፣ እቀበላለሁ። የምንጩን ጥቅም መሰወር ግን አድማጭን ማታለል ነው። "ይህን ያለው የተጫዋቹ ወገን ነው፣ ሻጩ አልተስማማም" ብሎ ለመጨመር የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው።

የመዝጊያው ቀን ትዕይንት ራሱ ሕዝብ መጥራቱም አልቀረም። በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ከኤቨርተን ልምምድ ሜዳ ደጅ በቀጥታ ሲዘግብ የነበረ ሰው ጆሮ ላይ አንዱ አሳፋሪ ዕቃ ደቀነበት፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ስካይ ስፖርትስም በተከታዩ የዝውውር መስኮት ዘጋቢዎቹን ከየክለቡ ደጃፍ አነሳ። ለዘጋቢው ደግ አደረጉ። ተጫዋቹስ?

ወሬው እኛም ዘንድ ይደርሳል። ለንደን ላይ "ወኪሉ እንዳለው" የተባለው ቴሌግራም ላይ ሲደርስ ወኪሉ ተረስቶ ይቀራል፣ በማግስቱ በኤፍኤም ሬዲዮ ይነበባል፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ያለቀ ነገር አድርጎ ይሰማዋል። አባቶች ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላሉ፤ መላ የሚጨመርበት ሰዓት ግን ለአድማጩም ለአቅራቢውም አልተረፈም።

ኦደምዊንጊ በዚያው በ2005 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ወደ ካርዲፍ ሄደ። ያኛው ዝውውር በወግ ተፈረመ። እኔም የእኛን የስፖርት አቅራቢዎች አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፤ መስኮቱ በተዘጋ ማግስት አንድ ፕሮግራም ይመድቡና በወሩ ውስጥ "ተቃርቧል" ያሉትን ስም ሁሉ ያንብቡልን፣ የሆነውንም ያልሆነውንም፣ ያልሆነውን ከማን እንደሰሙትም ጭምር።