የመንገድ ሐቅ፦ ከ7 ክንድ እስከ ካዛንቺስ



ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ወደ ካዛንቺስ ስንሄድ «የግንባታ ስታንዳርድ» የሚባለው ነገር ዘንድሮ የመጣ ይመስለናል። ነገር ግን ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጨቃጨቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) 7 ክንድ እንዲሆን መፍረዳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከ3 ሜትር በላይ ማለት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የቱኒሱ ግንበኛ ኢብኑ ራሚ በጎረቤት ላይ ስለሚከፈት መስኮት፣ ስለ ጭስና ስለ ፍሳሽ የሚዳኝ ኪታብ ጽፏል። መለኪያው «ጎረቤት ይጎዳል ወይ?» የሚል ነበር።

ካዛንቺስ ግን በሌላ ሚዛን ተጀመረች። ስሟ የመጣው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው። በ1928–1933 ዓ.ም. ወረራ የከተማው ፕላን ነጩን ከሐበሻው ይለይ ነበር። ቤቱ በልክ ተሠራ፤ ሰው ግን በዘሩ ተለካ።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲደርስ ብዙ ቤት ፈረሰ፣ አብሮ የኖረ ጎረቤት ተበተነ። ሰፊ መንገድ ኸይር ነው፤ የ7 ክንዱ ፍርድም ለመንገደኛው ሐቅ ነው። የጎረቤትም ሐቅ ግን አለ።

ኢንጂነሪንግና አርክቴክቸር የምትማሩ ወጣቶች፣ ነገ ፕላን ላይ ስትፈርሙ ሜትሩን ብቻ አትቁጠሩ፤ ከመስመሩ ሥር ያለውን ሰውም ቁጠሩ።

ወሏሁ አዕለም።